አካኮ ያልጨረሱት ዓረፍተ ነገር

ልጅ ሳለሁ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም ነበር። የተፈጥሮዬ ይሁን የዚያ ዓመት ጣጣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብቻ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ አምቦ ውስጥ፣ ከእናቴ አጎት ቤት፣ ምሽት በመጣ ቁጥር ከበርጩማዬ እየተነሳሁ ወደ አጥሩ በር ስመላለስ፣ የመኪና ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ጆሮዬ ሲቆም፣ የእስክርቢቶዬን ክዳን እስኪጠፈጠፍ ሳኝክ ነው ራሴን የማስታውሰው።

እናቴ ጫልቱ አዋላጅ ነርስ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ የተመደበችው ከጌዶ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ስለነበር፣ በዚያ አካባቢ ደግሞ ለእኔ የሚሆን ትምህርት ቤት ቅርብ ስላልነበረ፣ እኔን አምቦ አጎቷ ዘንድ ትታኝ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ታየኝ ነበር። አጎቷን ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ዲንሳ ይላቸዋል። እኔ ግን አካኮ እላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ አያቴ እንደማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀኝ ጉልበታቸው እንደ ልብ የማይታጠፍ ሽማግሌ ነበሩ። በደንዲ ገጠር፣ በጊንጪ፣ በጌዶም ጭምር ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸውም በየሥራቸው ተበትነዋል። ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

እሳቸው በተማሩበት ዘመን ትምህርቱ በአማርኛ ስለነበር፣ ሰዋስው ሲያስረዱ አማርኛ ይናገራሉ፤ ተረት ሲያወሩ ኦሮምኛ፤ ሲቆጡ ደግሞ እንግሊዝኛ። ያኔ ሦስቱም በአንድ ምሽት ውስጥ ይመጡብኝ ነበር።

ያ ሰሞን መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ትምህርት ቤታችንም እንደዚያው። ትልልቆቹ ምክንያቱን በሹክሹክታ ይነጋገሩና እኛ ልጆች ስንቀርብ ወሬውን ወደ ዝናብ ይለውጡታል። ስልክ አንድ ቀን ሠርቶ አራት ቀን ዝም ይላል። እናቴ መምጣት በነበረባት ቅዳሜ አልመጣችም። እኔ ልብሴን ቀይሬ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አጥሩ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ቅዳሜም፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ አለፈ።

አካኮ በየጠዋቱ ትንሿን ስልካቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ በዱላ እየተደገፉ፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ ላይኛው ሰፈር ይወጡ ነበር። ቁልቁል ሲመለሱ ከሩቅ ስለማያቸው ሮጬ እቀበላቸዋለሁ።

«አገኟት?»

«እናትሽ ደህና ናት።»

«መቼ ትመጣለች?»

«መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች።»

በቃ። ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚሉኝ። እኔ ደግሞ ድምፃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ዱላቸውን የሚይዙበትን ሁኔታ ሳይቀር ቀኑን ሙሉ ሳብሰለስል እውላለሁ። «ደህና ናት» ሲሉ ለምን ወደ መሬት አዩ? ትናንትስ ወደ መሬት አይተው ነበር?

ፈተናው እየቀረበ ነበር። የክልል ፈተና ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ካላለፍኩ እናቴ በቀን ስትሠራ፣ በምሽት ስታዋልድ ከርማ ያሰበችልኝ ሁሉ ይፈርሳል። እሷም ሁልጊዜ ስትሰናበተኝ «እንግሊዝኛሽን፣ ሌንሳ፣ እንግሊዝኛሽን» ትለኝ ነበር። የምወድቀው በእሱ ነው፤ ይህን እኔም፣ መምህሬም፣ አካኮም እናውቃለን። ቃላት አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው ጋር ማያያዝ አይሆንልኝም። ዓረፍተ ነገሮቼ እንደ ተቆረጠ ገመድ ናቸው።

ስለዚህ ምሽት ምሽት ትምህርት ያዝን። መብራት አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠፋ አካኮ ፋኖሱን አብርተው ጓዳው በር አጠገብ ይሰቅሉታል፤ የጓዳው በር ጥቁር ሰሌዳቸው ነበር፤ ከጡረታ ጋር ይዘውት የወጡት አንድ ካርቶን ጠመኔ አላለቀም። መሀል ላይ የከሰል ማንደጃው ይቀመጥና በረመጡ ውስጥ ድንች ይቀበራል። የድንቹ ልጣጭ ሲያር የሚሸተው ሽታ፣ ጣራው ላይ የሚንጠባጠበው ዝናብ፣ በፋኖሱ ብርሃን በተንቀሳቀሱ ቁጥር ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥላቸው እስካሁን ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም። እሳቸው ሲያስተምሩ ቆመው ነው፤ እኔም ቁጭ ማለት ስለማልወድ ተስማምተናል።

«ዱሪ ዱሪ» ብለው ጀመሩ አንድ ምሽት፤ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው። «አንዲት አህያ ነበረች። አንድ ጅብ ነበር። በመካከላቸው ወንዝ ነበር።»

እኔ ጠበቅኩ።

«ከዚያስ?»

«ወንዙ ሞላ። አህያዋ ቆመች። ጅቡ አለቀሰ።»

«አካኮ፣ ይሄ ተረት ነው?»

«ይሄ ሲምፕል ሴንቴንስ ነው።» በእንግሊዝኛ እየተረጎሙ በሩ ላይ ጻፉት፤ ሦስቱን በሦስት መስመር። «አየሽ፣ እያንዳንዱ ባለቤት አለው፣ ግሥ አለው፣ ብቻውን ይቆማል። የማንንም ድጋፍ አይለምንም።»

«ግን ምንም አይልም።»

«እህ! ምንም አይልም።» ደስ አላቸው። «እንግዲያው አንቺ አጋጥሚያቸው።»

‹እና›፣ ‹ግን›፣ ‹ስለዚህ› የሚሉትን በእንግሊዝኛ ከጎን ደረደሩልኝና እኔ ጠመኔውን ተቀብዬ ወንዙ ሞላ፣ ስለዚህ አህያዋ ቆመች ብዬ ጻፍኩ። ኮምፓውንድ ይባላል አሉኝ። «እነዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። አጥር ይጋራሉ እንጂ አንዱ በሌላው ጣራ ሥር አያድርም። አጥሩን ብታነሺው ሁለቱም ቤታቸው አይፈርስም።»

ይሄን ወዲያው ያዝኩት። ከዚያ ግን ድንቹን በጉጠት እያገላበጡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አህያዋ ለምን ቆመች?» አሉኝ።

«ወንዙ ስለሞላ ነዋ።»

«ነው? ወይስ ጅቡ ስላለቀሰ?»

ወንዙ ስለሞላ ከቆመች ልባም አህያ ናት፤ ከማዶ ያለውን ጅብ እያየች ውኃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ጅቡ ስላለቀሰ ከቆመች ግን አዘነችለት ማለት ነው፤ ያዘነች አህያ ደግሞ መጨረሻዋ አያምርም። የተጻፉት ቃላት ያው ናቸው፤ አንድም አልተጨመረም።

«ተረቱን የቀየረው ቢኮዝ ነው» አሉ አካኮ፤ በእንግሊዝኛ ‹ምክንያቱም› ማለት ነው። «ኮምፕሌክስ የሚባለው ይሄ ነው። አንዱ ዋና፣ አንዱ ጥገኛ። ጥገኛው ብቻውን አይቆምም። ‹ጅቡ ስላለቀሰ› ብዬሽ ወጥቼ ብሄድ ምን ትያለሽ?»

«ስላለቀሰ ምን? እላለሁ።»

«አዎ። ማሰሪያ አንቀጽ የለውማ። ሰው አንጠልጥሎ መተው ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ በሚመስል ሁኔታ፣ «ዋናው ግን ያለ ጥገኛውም ይቆማል። እውነቱ ግማሽ ይሆናል እንጂ ይቆማል» አሉ። ያኔ ይሄን ለምን እንደጨመሩ አልጠየቅኩም። ድንቹ ወጥቶ ነበር፤ እጄን እያቃጠለኝ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እወረውረው ነበር።

«ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? ወንዙ ነው ጅቡ?»

«አንቺ ወስኚ።»

እንዴት እንደተናደድኩ! ለምጠይቀው ሁሉ መልስ ያጣሁበት ሰሞን ነበር፤ ተረቱ እንኳ አልዘጋም አለኝ።

በሌላ ምሽት ‹ሲከፈት› የሚለውን ‹ዌን› አስተማሩኝ። እኔ ነኝ ምሳሌውን የመረጥኩት። መንገዱ ሲከፈት እናቴ ትመጣለች። አካኮ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ጻፉትና መሀሉ ላይ ኮማ አደረጉ። ከዚያ እንደገና ከታች ጻፉት፤ አሁን ግን ኋላ የነበረውን አምጥተው ከፊት አስቀደሙት። እናቴ ትመጣለች መንገዱ ሲከፈት።

«እንዲህም ይቻላል?»

«በእንግሊዝኛ ይቻላል። ኮማውም አያስፈልግም።»

እኔ በማውቃቸው በሁለቱም ቋንቋዎች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰው ሲናገር አፉን እያየን፣ መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ምክንያቱን ሁሉ አሳልፈን፣ ትመጣለች ይበል አትመጣም ይበል እስከ መጨረሻው ድረስ እንጠብቃለን። እዚህ ግን ትመጣለች መጀመሪያ ተባለ። መንገዱ ከኋላዋ ተከተለ። ያንን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ገጹ እስኪሞላ ድረስ ገለበጥኩት፤ አካኮም መልመጃ መስሏቸው ይሁን ገብቷቸው አላውቅም፣ በቃሽ አላሉኝም።

በአራተኛው ሳምንት መሰለኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አካኮ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጥተው እኔ ብቻዬን ሳለሁ የአጥሩ በር ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት የደከማት ሴት፣ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ፣ በትከሻዋ ከረጢት ያንጠለጠለች ቆማለች።

«የኦቦ ዲንሳ ቤት ነው? አንቺ የሲስተር ጫልቱ ልጅ ነሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ታደሉ ነኝ፤ ከእሷው ጋር ነው የምሠራው፤ ጽዳት ነኝ። ውይ፣ እሷን መምሰልሽ! አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይማርልሽ።»

እግዜር ይማርልሽ። ይሄ ለደህና ሰው ልጅ አይባልም። በእኛ አገር ይህን ቃል የሚሰማ ሰው ቤቱ ውስጥ በሽተኛ ያለበት ሰው ብቻ ነው። ምንም እንደማላውቅ ካወቀች ዝም እንደምትል ስለገባኝ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው፣ እንደ ትልቅ ሰው «አሜን» አልኳት። «አሁንስ እንዴት ናት?»

«እግሯ ነው እንጂ ሌላው ተሽሏታል። ጀሶው ገና አልተፈታም። ትኩሳቱ ግን ጠፍቶላታል፤ ያን ሰሞንማ አስፈርታን ነበር። መኪናው ገደል አለመግባቱ የአምላክ ሥራ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ይዘው ሲሄዱ ጭቃው አንሸራቶ ገለበጣቸው እኮ። እናቲቱም ልጇም ተርፈዋል። የሲስተር እግር ነው የተጎዳው።» ከረጢቷን ፈታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። «ይሄን ላከችልሽ፤ ለፈተናሽ ነው። ከጌዶ እስከ ጉደር የጭነት መኪና ላይ መጣሁ፤ ከዚያ በእግሬ። በይ፣ እኔ ልሂድ፣ እህቴ ዘንድ ሳይመሽ ልድረስ።»

ጋዜጣውን ስፈታው ሁለት አዲስ እስክርቢቶ ነበር።

አካኮ ሲመለሱ ሮጬ አልተቀበልኳቸውም። ቤት ውስጥ፣ ጓዳው በር ላይ ተደግፌ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ገቡ፣ ዱላቸውን አስቀመጡ፣ ካፖርታቸውን አራገፉ፣ እንደ ወትሮው ሳልጠይቃቸው «እናትሽ ደህና ናት» አሉኝ።

«እግሯስ?»

እጃቸው ካፖርቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ አይደሉም የነገሩኝ!» ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ እንዲያ በሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። «አንድ ወር ሙሉ ደህና ናት ደህና ናት! ዋናውን ብቻ! ጥገኛውን ማን በላው? እርስዎ ውሸታም ነዎት!»

አካኮ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ የማይታጠፈው እግራቸው ወደ ፊት ተዘርግቶ ቀረ። ያን ምሽት ማንደጃው አልተቀጣጠለም፤ ተረትም፣ ትምህርትም፣ ድንችም አልነበረም። እኔ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሁለቱን እስክርቢቶዎች በሹራቤ ኪስ ከትቼ፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ለምን ደብተሬን እንደያዝኩ እንጃ። ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ስደርስ ሙላቱ ያስፈራ ነበር፤ ሳልቆም አለፍኩት። መናኸሪያው ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር፤ አንድ ሚኒባስ ጉደር ጉደር እያለ ይጠራል። «ጌዶ ትደርሳላችሁ?» ብዬ ረዳቱን ስጠይቀው «እሱን ጉደር ስትደርሺ ትጠይቂያለሽ» አለኝ። ገባሁ። እንደኔ ያለች ልጅ ብቻዋን ስትሄድ ያየች አንዲት ሴት «ማን ጋ ነሽ?» ስትለኝ «አካኮ ከኋላ እየመጡ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ጉደር መውጫው ላይ መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከዚህ ወዲያ አይኬድም ተባለ፤ ማን እንዳለ፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ተበተኑ። እኔ መንገድ ዳር ካለ ግንድ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ተነስቼ፣ ደግሞ ቁጭ ብዬ፣ ወደ ጌዶ የሚወስደውን አስፋልት አየሁ። ባዶ ነበር። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ይታጠፋል። በእግሬ ልሄድ ተነስቼ ትንሽ እንደተራመድኩ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ተመልሼ የአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ገባሁ። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት፤ ደብተሩን ደረቴ ላይ አቅፌ።

ባጃጇን ያየኋት ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሆናል። ከአምቦ በኩል እያጉረመረመች መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። መጀመሪያ ዱላው ወጣ፣ ከዚያ የማይታጠፈው እግር፣ ከዚያ አካኮ። ካፖርታቸው ርሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል። ሾፌሩ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ በእንግሊዝኛ ተቆጡት፤ ምን ያህል እንደደነገጡ በዚያ አወቅኩ።

አጠገቤ መጥተው በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እስኪተነፍሱ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሙሉውን ልንገርሽ።»

ነገሩኝም። አንዱን ከሌላው እያያያዙ፣ አንድም ሳያስቀሩ፤ ዝናቡ የጣለበትን ሌሊት፣ ምጥ የያዛትን ሴት፣ መኪናው የተንሸራተተበትን ዳገት፣ እናቴ በተሰበረ እግሯ ጭቃ ላይ ተቀምጣ ሴትየዋን እንዴት እንዳዋለደች፣ ከዚያ ቁስሉ አመርቅዞ ትኩሳት እንደያዛት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልኩን ያነሳ የነበረው ሌላ ሰው እንደነበር፣ እሳቸውም ያን ሳምንት ከላይኛው ሰፈር ሲመለሱ ፊቴን ላለማየት በኋላ በር ለመግባት አስበው እንደነበር፣ አሁን ግን በእርግጥ እንደተሻላት። እንዲያ ረጅም ንግግር ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ?» አልኳቸው።

ዝናቡን አዩ።

«አካኮ። ለምን?»

«እሱን ተዪው» አሉ። «ተቆጪኝ። ተገቢ ነው።»

ጠበቅኩ። ለአንዲት አህያ እንኳ ሁለት ምክንያት የሚፈልጉት ሰው፣ ያን ቀን አንድ ምክንያት አልሰጡኝም። የሌላቸው መሰለኝ። ልጅን መናቅ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወደ አምቦ ይመልሱኛል ብዬ ስጠብቅ ግን ባጃጇን አሰናበቷት። ሁለታችንም በረንዳው ላይ ተቀምጠን ዋልን። ወደ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ መከፈቱ ተሰማ፤ ባዶ ከረጢት የጫነ አንድ አይሱዙ ወደ ጌዶ ሊሄድ ሲነሳ አካኮ መሀል መንገድ ላይ ዱላቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ሾፌሩ የድሮ ተማሪያቸው ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ጋቢናው ሞልቶ ነበር። «መምህር፣ እርስዎ ከላይ አይችሉም» ቢላቸው፣ «ጎትቱኝ» አሉ። ሁለት ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከታች ሆነው እንደ ጆንያ አወጧቸው። ጉልበታቸው ሲጫን ያሰሙትን ድምፅ ሰምቻለሁ። መንገዱን ሁሉ ያን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በየጉድጓዱ ከንፈራቸውን እየነከሱ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። እኔም አላናገርኳቸውም።

እናቴ የተኛችው ጌዶ ከተማ ውስጥ አንድ ባልደረባዋ ቤት ነበር። ከስታለች። ጀሶው እስከ ጭኗ ድረስ ወጥቶ እግሯ የእሷ አይመስልም። ስታየኝ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፊቷ ተበላሸ። አልጋው ላይ ወጥቼ አንገቷ ሥር ገባሁ። ከራሴ በላይ አካኮን እያየች «እኔ እኮ ነኝ…» ብላ ስትጀምር፣ አካኮ በሩ ላይ ቆመው «ጫልቱ፣ ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» ብለው አቋረጧት። ምግብ መጣ።

ፈተናውን ተፈተንኩ፤ በእንግሊዝኛም አለፍኩ። አጣምሩ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሳላመነታ ጻፍኩ። እናቴ በክረምቱ መጨረሻ ዱላ ይዛ ወደ አምቦ መጣች፤ በኋላም እዚያው ተዛወረች። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። በእኔና በአካኮ መካከል ግን አንድ ነገር አልተመለሰም። አከብራቸዋለሁ፣ እላላካቸዋለሁ፣ ውኃ አቀርብላቸዋለሁ፤ ዜና ሲነግሩኝ ግን ሁልጊዜ «ሌላስ?» እላቸዋለሁ። «ዝናብ ሊጥል ነው» ሲሉኝ እንኳ «ሌላስ?» እስክል ደርሼ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሳይቆጡ «ሌላ የለም፣ ኢንታላ ኮ» ይሉኛል። ተረት እንዲያወሩልኝ ዳግመኛ አልጠየቅኳቸውም። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አካኮ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። ከቀብር መልስ እንግዳው ሁሉ ሄዶ እኔና እናቴ ብቻችንን ስንቀር፣ ድንኳኑ ሥር ወንበሮቹን እየደራረብኩ «ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ያን ጊዜ ባይዋሹኝ ኖሮ» አልኩ። እንዲያው አመለጠኝ።

እናቴ ወንበር ይዛ ቆመች።

«እኔ ነኝ አትንገሯት ያልኳቸው» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት።

«ፈተናዋን ሳትጨርስ አትንገሯት ብዬ ቃል አስገባኋቸው። እሳቸውማ እንቢ ብለውኝ ነበር። ‹ለልጅ ከሙሉ ሐዘን ግማሽ ወሬ ይከፋል› አሉኝ። እያለቀስኩ በስልክ ለመንኳቸው፤ ትኩሳቱ የጀመረኝ ቀን ነበር፣ የምሞት መስሎኛል። እሺ አሉ። ጌዶ የመጣችሁ ቀን ልነግርሽ ስል አቋረጡኝ አይደል? ማታ ብቻቸውን ሳገኛቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹አባት የላት፣ ያለችኝ የምትላት አንቺው ነሽ። በእኔ ትቆጣ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ።›»

ወንበሩን አስቀመጥኩ። ጉደር በረንዳ ላይ ያዩት ዝናብ፣ መኪናው ላይ የያዙት ጉልበት፣ ከዚያ ወዲህ በትዕግሥት የመለሱልኝ ያ ሁሉ «ሌላ የለም» በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አፈር ለብሷል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት እናቴን።

«ፈርቼ» አለችኝ።

ያን ብቻ። አካኮ ቢሰሟት ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፣ ዓረፍተ ነገር አይደለም፣ አንጠልጥለሽ አትተዪን ይሏት ነበር። እኔ ግን የቀረውን አልጠየቅኋትም። ከዚያ ዘመን የቀረኝ ብዙ አይደለም፤ ተረቶቹ ተቀላቅለውብኛል፣ ሕጎቹን ከመጽሐፍ አገኛቸዋለሁ። አንድ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ብሎ ምክንያቱን ውጦ ለዓመታት በሰው ፊት ውሸታም ሆኖ መቀመጥ እንደሚችል ግን ከእሳቸው በቀር ያስተማረኝ የለም፤ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ ዛሬም ከራሴ ጋር እከራከራለሁ፣ ክርክሩም አያልቅልኝም። ያን ቀን ግን እናቴ ቆማ እያየችኝ ነበር፤ ከደራረብኳቸው ወንበሮች ሁለቱን መልሼ አወረድኩና አንዱን ለእሷ ሰጠሁ፤ በሌላው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እስኪመሽም ድረስ አልተነሳሁም።